የአፋፉ ትምህርት ቤት የስም ጥሪ

መምህርት ይታይሽ ከቃላት ሁሉ አጥብቃ የምትጠላው «ለጊዜው» የሚለውን ነበር። ሰው ፊቷ ለጊዜው ያለ እንደሆነ ግንባሯ ይቋጠራል፤ ተናጋሪው የወረዳ ሹም ይሁን የመንደር ሽማግሌ ግድ አልነበራትም። ምክንያትም ነበራት። በጃንሆይ ዘመን፣ ከላላ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ተስቦ ገባና ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ይዘጋ ተባለ። ጥር ላይ ተዘግቶ መጋቢት ላይ ሲከፈት ወንዶቹ ተመለሱ። ከሴቶቹ አንዷም አልተመለሰችም፤ ሁሉም ተድረው ነበር። ይታይሽም እንደ አባቷ በሚሆን ሰው ቤት ሊጥ ስታቦካ የደወሉን ድምፅ በሩቁ ሰማች። «ተስቦውስ ምሮን ነበር፤ የፈጀን መዘጋቱ ነው» ትል ነበር ሲያነሡባት።

ከዚያ ቤት ለመውጣት ዓመታት ፈጀባት። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከሕፃናት ጋር ተኮልኩላ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ደሴ ሄዳ ሠለጠነች። መንግሥት ተለውጦ ኢሕአዴግ ሲገባ እሷ ከመካነ ሰላም በእግር ወጣ ብሎ ባለው በአፋፉ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። አልወለደችም፣ ዳግመኛም አላገባችም። ቁጡ ነች፣ ግትር ነች፣ ስትስቅ ደግሞ ጎረቤት ይሰማል። ልጆቹ ይፈሯታል፤ ከቤታቸው የቆሎ ቋጠሮ ይዘው የሚመጡትም ለእሷው ነበር።

አፋፉ ስሙን ያገኘው ከቦታው ነው። ትምህርት ቤቱ የቆመበት ሜዳ ሄዶ ሄዶ በድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርደው በረሃ። በበልግ ወራት ጉሙ ከዚያ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ሲወጣ ላየው ያስፈራል። መጀመሪያ የገደሉን ጠርዝ ይሸፍናል፣ ቀጥሎ ባንዲራ መስቀያውን፣ ከዚያ ሰው የገዛ እጁን እስኪያጣ ድረስ ሁሉን ይውጠዋል። ረፋድ ላይ እንደመጣው ሁሉ ሳይሰናበት ይሄዳል።

ከዘጠናዎቹ ዓመታት በአንዱ፣ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ጉሙ ብቻ ሲመጣ፣ ማጅራት ገትር አገሩን ገባበት። ሐኪሞቹ እንዲህ ይሉታል እንጂ ገበሬው በስሙ አይጠራውም፤ «ያ ነገር» ይለዋል። ያ ነገር የያዘው ሰው ጠዋት ራሴን ይላል፣ ቀትር ላይ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ማታ ወይ ያልፋል ወይ ያልፍለታል። በየመንደሩ ደጃፍ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ተጋድሞ ታየ፤ አትግቡ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ድምፅ ዝቅ አለ፤ ጮኾ ያለቀሰ ያ ነገር ወዲህ ነው ብሎ እንዳይዞር ይፈራ ነበር። አዝመራ ጠባቂው እንኳ ወንጭፉን ማጮኽ ተወ። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰው በሚኖርበት አገር ሲሰማ ደስ አይልም።

ክትባት ደሴ ደርሷል ይባላል፤ ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያለ ይቆዝማል። እስከዚያው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ አምባቸው ትምህርት ቤቶቹን ለመዝጋት ተነሣ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ነገር እንዳይመጣበት የሚፈራ፣ በር ሲዘጋ ነገሩም አብሮ የሚዘጋ የሚመስለው ሰው ነበር።

«ለጊዜው ነው እኮ፣ ይታይሽ» አላት።

«ለጊዜው አትበለኝ!» ብላ ጮኸች። «ስድስተኛ ክፍሌ ውስጥ ሰዉ ዓይኑን የጣለባቸው ሴቶች አሉ። የአሕመድኑር ልጅ ሀያት ቀለበት ታስሮላታል። አባቷ በአፉ የሰጠኝ ቃል አለ፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አልድራትም፣ ከተዘጋ ግን ቤት ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች ብሎኛል። አንተ በሩን በዘጋህ ማግስት ሠርግ ነው!»

ሀያት ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀጭን ናት፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት፣ ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯን ትነክሳለች። ይታይሽ ከሁሉ አብልጣ ትወዳታለች፤ መምህር ማዳላት የለበትም የሚባለውን ብታውቅም አልቻለችም። በዚያች ልጅ ውስጥ የከላላዋን ይታይሽን ታይ ነበርና።

መላ ያመጣው የጤና ረዳቱ መለሰ ነው። ያ ነገር በትንፋሽ የሚሄድ ነው፣ የሚፈጀውም በታፈነ ቤት ተጠጋግቶ የሚቀመጠውን ነው አለ። መስኮት የሌለውን የጭቃ ክፍል ተዉት፣ ልጆቹን ሜዳ አውጧቸው፣ አራርቃችሁ አስቀምጧቸው፤ የቀረ ልጅ ካለ ግን በዚያው ሰዓት ቤቱ ይታይ፣ መርፌው እኔ ዘንድ አለ፣ ጠዋት የተወጋ ይድናል አለ። አቶ አምባቸውም እያቅማማ እሺ አለና አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከዚያ ክፍል አንድ ልጅ የታመመ እንደሆን በማግስቱ ይዘጋል።

ይታይሽ ልጆቹን አሰልፋ ከገደሉ አፍ ድንጋይ አስመጣች። ለእያንዳንዱ አንድ ድንጋይ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል የአንድ እረኛ ዱላና የአንድ ክንድ ስፋት። በሰው ድንጋይ መቀመጥ ክልክል፣ ጎረቤት ጆሮ ውስጥ ማንሾካሾክ ክልክል። ጥቁር ሰሌዳውን ከባንዲራው ሥር አቆመች፣ እሷም ከአንድ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ማስተማር ጀመረች።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ግን ሌላ ነገር ገጠማት። ጉሙ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከፊት ካሉት ጥቂት ልጆች በቀር ማንም አይታይም። ስም ጠራች። ዝም። ሌላ ስም ጠራች። ዝም። ልጆቹ እንደመጡ ታውቃለች፤ ሲያስሉ፣ ሲቁነጠነጡ ትሰማለች። አንድም ግን አቤት የሚል ጠፋ።

ነገሩ የገባት ሸህ ጀብሪልን ስታማክር ነው። ሸህ ጀብሪል ቁርአን የሚያቀሩ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ የኛን አገር ረሳሽውሳ?» አሏት። «በደጉ ቀን እንኳ ጠሪው ሳይታይ አቤት አይባልም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ያ ነገር ራሱ በስም እየጠራ ይዞራል ይላሉ። ሦስት ጊዜ መጥራት ግን አይችልም። ሰው የሰው ደጅ ሲደርስ ሦስቴ አይደል የሚያስፈቅድ? ሦስቴ ጥሪያቸው፣ በሦስተኛው አቤት ይሉሻል።»

«ቀድሞ አቤት ያለ እንደሆንስ?» አለች ይታይሽ እየሳቀች።

ሸሁ አልሳቁም። «ቀድሞ አቤት ያለ እንደሆንማ ሂጂና እይው» አሏት።

ይታይሽ አጉል እምነት የምትወድ ሰው አልነበረችም። ትምህርት ቤቱ ክፍት እንዲሆን ግን ሦስቴ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜም ትጠራ ነበር። ስሞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። በማግስቱ ቋጥኙ ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ሦስት ሦስት ጊዜ ወደ ጉሙ ትልክ ጀመር። «ኸባብ! ኸባብ! ኸባብ!» ስትል በሦስተኛው ላይ ወተት ከመሰለው ጉም ውስጥ «አቤት!» ይላል። ጉም ድምፅን ያዛባል፤ ግራ የተቀመጠው ከቀኝ የመለሰ ይመስላል፣ ከሩቅ ያለው ጆሮ ሥር ይደርሳል። ከመንገድ የሚያልፍ ገበሬ ያን የሰማ እንደሆን በቅሎውን ጎትቶ እየተጣደፈ ይሄዳል። አንዲት ሴት ሰው በሌለበት ሜዳ ስም ስትጠራ፣ መሬቱም አቤት ሲላት፣ ማን ቆሞ ያዳምጣል?

ሥራው ግን ሠመረ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አፋፉ አልተዘጋም። ከየመንደሩ የሞተ ሲቀበር ከድንጋዮቹ አንዱም ባዶ አልሆነም። ሀያት በየጠዋቱ በሦስተኛው ጥሪ አቤት ትላለች፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። ይታይሽ ያን በሰማች ቁጥር «ተመስገን፣ ዛሬም አልተዳርሽም» ትላለች በልቧ። በሽታውንስ መፍራቷን እየረሳች መጣች፤ የምትፈራው የአምባቸውን ቁልፍ ነበር። ጥፋቷ ከተጠየቀ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ የከበደ ጉም ወጣ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች እንኳ አይታዩም፤ ይታይሽ የራሷን ጫማ አላየችውም። ጥሪ ጀመረች። ኸባብ በሦስተኛው። ባሲማ በሦስተኛው። ከሀያት ቀጥሎ የምትቀመጠው የአጎቷ ልጅ መርዋ በሦስተኛው፤ የዛሬው አቤቷ ግን የፈራ ልጅ አቤት ነበር።

«ሀያት!»

«አቤት!»

በመጀመሪያው ጥሪ ነው። ድምፁ የሀያት ነው፤ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው ነገር አለ። ነገር ግን ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ ይመስላል፣ የመጣውም ከድንጋዮቹ በኩል አይደለም። ከገደሉ ወገን ነው።

ሜዳው ጸጥ አለ። ሳል እንኳ ቆመ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ትንፋሻቸውን እንደያዙ ይታይሽ ሳታያቸው አወቀች። አንድ እግሯ ከቋጥኙ ወረደ፤ ሸሁ ሂጂና እይው ያሏት ጆሮዋ ውስጥ ነበር። የሀያት ድንጋይ ሩቅ አይደለም። ሄዳ ብታየው ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ከሆነ ታማለች ማለት ነው፤ ከታመመች ነገ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ሠርጉ አለ፣ የሀያት ብቻም አይደል፣ የባሲማም፣ የመርዋም። ደግሞስ ልጂቱ አቤት ብላለች! በጆሮዋ ሰምታለች! አቤት ያለ ሰው አለ ማለት ነው።

እግሯን ወደ ቋጥኙ መለሰችው። «ጎበዝ፣ ዛሬስ ፈጠንሽ» አለች ወደ ጉሙ። ቀጥላ የሚቀጥለውን ስም ጠራች። ያ ልጅ በሦስተኛውም አልመለሰ፤ አራተኛ መጥራት አስፈለጋት።

የዚያን ጠዋት ያስተማረችውን ኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። ክፍልፋይ ይሁን የወንዞች ስም፣ ብቻ አፏ ይናገር ነበር። ዓይኗ ከገደሉ ወገን አልተነሣም። ፀሐይ ጠንክራ ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ መጀመሪያ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነበር የሚያዩት።

የሀያት ድንጋይ ባዶ ነው። በላዩ የሌሊቱ ጤዛ እንደተኛ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም አልነካውም።

ይታይሽ ወረደችና የመርዋን ሁለት ትከሻ ያዘች። ክልከላውን ሁሉ ረስታ ፊቷን ፊቷ ላይ አደረገችው። «ሀያት የት አለች? አንቺ ነሽ አቤት ያልሽላት?»

መርዋ ተንሰቀሰቀች። «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ! ሌሊት ራሴን ብላ አደረች። ከታወቀ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ አንቺ አቤት በይልኝ አለችኝ። እኔም በሦስተኛው ልልላት ተዘጋጅቼ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።»

«ማን ቀደመሽ?»

መርዋ ወደ ገደሉ አየችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ይታይሽ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ሸማዋ፣ አሕመድኑር ቤት እስክትደርስ አላረፈችም። ደጃፉ ላይ የተጋደመውን ቅርንጫፍ ረግጣ ገባች። ሀያት በጨለማው ጥግ ተኝታለች፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፣ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ማንንም አያይም። እናቲቱ ጥግ ይዛ ያለ ድምፅ ታነባለች። ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋባት ለማንም አትንገሩ ብላ ያስማለቻቸው ልጂቱ ራሷ ነበረች፤ እነሱም ሲመሽ ይተዋታል ብለው ጠበቁ።

መለሰ መጥቶ ወጋት። በቃሬዛ አድርገው መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት መንገዱን ሁሉ ይታይሽ ከጎን ከጎን ነበረች። መለሰ እጁን ሲታጠብ «ጠዋት ሰምቼ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። ፊቷን ሲያየው ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

በማግስቱ አቶ አምባቸው ቁልፉን ይዞ መጣ። ይታይሽ አልተከራከረችም፤ አቤት የሚል ሰማሁ፣ ሄጄ ማየት ሲገባኝ አላየሁም አለችው። ሰውዬው ያልጠበቀው ነገር ሆኖበት ሳይቆልፍ ቆመ። ለውሳኔ ወረዳ ተመልሶ ስብሰባ ሲያበዛ የዘገየው ዝናብ መጣ፤ በሳምንቱ ያ ነገር ከአገሩ ወጣ። ክትባቱም ከዚያ በኋላ ከደሴ ደረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በዓመቱ መጨረሻ በወረዳው ስብሰባ ላይ የአፋፉ ትምህርት ቤት በወረርሽኝ ጊዜ ሳይዘጋ፣ አንድም ተማሪ ሳይሞትበት የዘለቀ ተብሎ ተመሰገነ። አጨበጨቡላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እሷ የተባለ ይመስል፣ ይታይሽ አንገቷን ደፍታ ቁጭ አለች።

ሀያት አልሞተችም። ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ትራመዳለች፣ ትበላለች፣ ሰው ታውቃለች። ጆሮዋ ግን ሄዷል፤ ከኋላዋ በር ቢወድቅ አትዞርም። ቀለበት ያሰሩላት የከላላ አማቾች ይህን ሲሰሙ ሽማግሌ ልከው ቀለበቱን መለሱ።

ክፍል ወደ ጭቃው ቤት በተመለሰ ሰሞን አሕመድኑር ልጁን እጇን ይዞ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ይታይሽ ፊት ሲቆም ግን ኮፍያውን እያወለቀ ያጠልቀው ነበር።

«እትዬ፣ አስተምራታለሁ ብለው ሲለምኑኝ ነበር» አለ። «ይኸው አመጣኋት። እንግዲህ የሚፈልጋት የለም፤ እስከፈለጉት ድረስ ያስተምሯት።»

ይታይሽ የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷታል። በሩ አልተዘጋም፣ ልጂቱ አልተዳረችም፣ ይኸው ደብተሯን ይዛ ፊቷ ቆማለች። እንባዋ ሲመጣ አልከለከለችውም።

ሀያት ቀና ብላ የመምህሯን ከንፈር አየች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ስትናገር ጮኸች፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማት።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን እኮ ጠርተውኝ ነበር። ከሜዳው ሲጠሩኝ እተኛሁበት ሰማሁዎ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማሁም። ሦስተኛውን እንዳልጠብቅ ብሶብኝ ስለነበር፣ ቶሎ እንዲመጡልኝ በመጀመሪያው አቤት አልሁ። ሰምተውኝ የለ? ምነው ቀሩ?»

ይታይሽ አፏን ከፈተች። ልጂቱ መልሱን ከከንፈሯ ለማንበብ ጠጋ ብላ ጠበቀች፤ መርዋም፣ ባሲማም፣ በሩ ላይ የቆመው አሕመድኑርም ጠበቁ።